ስለ ሂንዱዎች የዘመን ቈጠራና ስለ ዕለቱ ሰዓቶች



ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ እንደሚከፈል ያውቃል። በሕንድ አገርም የሂንዱ ሃይማኖት ሊቃውንት ከጥንት ጀምረው ቀኑንና ሌሊቱን በ60 ይከፍሉታል፤ አንዱም ክፍል ጋቲካ ይባላል። ይኸውም እንደ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ዕለታቸውም የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው።

የቈጠራቸው መጽሐፍ ፓንቻንጋ ይባላል፤ ትርጓሜውም አምስት ክፍል ያለው ማለት ነው። አምስቱም እነዚህ ናቸው፤ የሳምንቱ ቀን፤ ቲቲ የሚባለው የጨረቃ ዕለት፤ ናክሻትራ የሚባሉት 27ቱ የጨረቃ ማደሪያዎች፤ ከፀሐይና ከጨረቃ ስፍራ ድምር የሚገኘው ዮጋ፤ የቲቲ እኩሌታ የሆነው ካራና።

ከእነዚህ ይልቅ ማስተዋል የሚሻው ቲቲ ነው። ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ በራቀች ቍጥር አንድ ቲቲ ይፈጸማል፤ ዙሪያው 360 ዲግሪ ስለ ሆነ በአንድ የጨረቃ ወር 30 ቲቲ ይገኛል። ነገር ግን ጨረቃ አንድ ጊዜ ትፈጥናለች፥ አንድ ጊዜ ትዘገያለች። ስለዚህ አንዳንዱ ቲቲ ከ24 ሰዓት ያንሳል፤ አንዳንዱም እስከ 26 ሰዓት ይደርሳል። ዕለቱ የሚጠራው ፀሐይ ስትወጣ በተገኘው ቲቲ ነውና፥ አንዳንድ ጊዜ አንድ ቍጥር ይዘለላል፤ አንዳንድ ጊዜም አንዱ ቍጥር ሁለት ቀን ይጠራል። ይህን ያላወቀ ሰው መጽሐፉ የተሳሳተ ይመስለዋል።

12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ስለሚሆኑ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ይጐድላሉ። በባሕረ ሐሳብ ጥንተ አበቅቴ 11 የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ሂንዱዎችም በዓላቸው ከወራቱ እንዳይርቅ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ ያህል አንድ ወር ይጨምራሉ።

ከዚህ ሌላ ቀኑን ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ በ8 ከፍለው አንዱን ክፍል የራሁ ጊዜ ይሉታል፤ ብዙ ሰዎችም በዚያ ጊዜ አዲስ ሥራ አይጀምሩም። ፀሐይ ጠዋት በ12 ሰዓት ወጥታ ማታ በ12 ሰዓት በምትገባበት ሰኞ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው። ራሁ የጨረቃ መንገድ የፀሐይን መንገድ ከሚያቋርጥባቸው ሁለት ስፍራዎች የአንዱ ስም ነው፤ የሰዓቱ ተራ ግን በሳምንቱ ቀን ተወሰነ እንጂ በዚያ ስፍራ አልተለካም። እንግዲህ ቲቲ ልክ ነው፤ የራሁ ጊዜ ግን ልማድ ነው።

ልኩም ቢሆን በጥንቱ መጽሐፍና በዛሬው የከዋክብት ምርመራ ሲሠላ ስለሚለያይ፥ ጎረቤታሞች አንዱን በዓል በሁለት ቀን ያከብሩ ነበር፤ ዛሬም ይህ ይደርሳል። ስለዚህ የሕንድ መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. በሊቁ በሜግናድ ሳሃ የሚመራ ጉባኤ አቆመ። በአገሩም 30 ያህል ልዩ ልዩ ቈጠራ ተገኘ። ከመጋቢት 13 ቀን 1949 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የመንግሥት ቈጠራ ታወጀ፤ ለጾምና ለበዓል ግን ሕዝቡ ፓንቻንጋውን አልተወም።

ስለዚህ መምህር ለደቀ መዛሙርቱ እንዲህ ብሎ መጠየቅን ያስተምር፤ ይህ ቈጠራ ለየትኛው አገር ፀሐይ ተሠላ? በየትኛው ስሌት? ከሰማይ የተለካው የቱ ነው? ከአባቶች የተወረሰው ልማድስ የቱ ነው? ይህን ለይቶ የሚያውቅ ልጅ የሌላውን ሕዝብ ሥርዓት አይንቅም፤ ክፉ ሰዓት ነው ሲሉትም ሳይመረምር አይፈራም።