ዋሽንትና ክራር በእንጦጦ ብርድ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥተን ወደ እንጦጦ ጋራ በወጣን ጊዜ የተነሣብንን ክርክር በፊታችሁ ልናቀርብ ቆመናል። ማታ ቤት ውስጥ ተቃኝተው የተስማሙ አንድ ዋሽንትና አንድ ባለ ሽቦ ክራር፣ ጎሕ ሲቀድ ከባሕር ዛፉ ሥር ተጣሉ። ዋሽንቱ ወረደ፤ ክራሩ ወጣ። በመንገድ ያገኘናቸው አንድ አባት «ልጆቼ፣ ዋሽንቱ በርዶት ነው፤ እቀፉት» ቢሉን ስቀን አለፍናቸው። እኛ የተማርነው ግን «ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ነው» ብለን ፈረድን።

እስቲ ፍርዳችንን እንመርምር። አውታር ሲመታ ሞገዱ ወደ ጫፎቹ ይሮጣል፤ ጫፎቹም የታሰሩ ስለ ሆኑ ይመለሳል። ሂያጁና ተመላሹ ሲገናኙ በስፍራው ሆኖ የሚወዛወዝ ቋሚ ሞገድ ይሠራሉ። ፈረንሳዊው መነኩሴ ሜርሴን እ.ኤ.አ. በ1636 እንዳሳተመው፣ አውታሩ ሲያጥርና ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲከብድ ይወፍራል።

በዋሽንት ውስጥ የሚወዛወዘው አየሩ ራሱ ነው። ሁለቱም ጫፍ ክፍት ስለ ሆነ የሸምበቆው ርዝመት የሞገዱ እኩሌታ ነው። ስለዚህ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሲደፈኑ፣ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዋሽንት በሴኮንድ 340 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ አየሩ ከጫፉ ጥቂት አልፎ ስለሚወዛወዝ በእውነቱ ከዚህ ያንሳል። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ ስለሌለው፣ ነፊው ትንፋሹን በማበርታት ብቻ ወደ ሁለት እጥፍና ሦስት እጥፍ ይዘላል።

አሁን ወደ ጋራው እንመለስ። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሙቀቱ እኩል ከሆነ እፍግታውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሁለቱ ንጽጽር ነውና መሳሳቱ ምንም አይለውጥም። የሚለውጠው ሙቀት ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 343 ሜትር በሴኮንድ የሚሄደው ድምፅ፣ በ5 ዲግሪ 334 ብቻ ይሄዳል። ይህም ከግማሽ ቶን እኩሌታ ጥቂት ያነሰ ነው፤ ጆሮ ያለው ይሰማዋል። ሽቦው ደግሞ በብርድ ከክራሩ እንጨት ይልቅ ስለሚኮማተር ውጥረቱ ይጨምራል፤ ድምፁም ይወጣል።

በመጨረሻ አፍረን ዋሽንቱን በጋቢ ጠቅልለን ታቀፍነው። እዚያው ቆመን ብንነፋው ድምፁ ከፍ አለ። ጋራው አልወረደም፤ አየሩም አልወፈረም።

ጓደኞቻችን ሆይ! «የላቦራቶሪ መሣሪያ የለንም» ማለት ልማዳችን ሆኗል። ነገር ግን አንድ ክራር፣ አንድ ዋሽንትና አንድ ቴርሞሜትር ይህን ሁሉ ትምህርት ያስተምራሉ። ያጣነው መሣሪያ ሳይሆን ከመፍረድ በፊት መለካትን፣ የሚያውቅ ሰው ሲናገርም ማድመጥን ነው። ለእኒያ አባት ያልሰጠናቸውን ምስጋና ዛሬ በእናንተ ፊት እንሰጣለን።