ጥሬ የለመደች በቀቀንን ወደ እንክብል መኖ ስለ ማዛወር

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል። አባባሉ ስለ ዶሮ ይነገር እንጂ በሽቦ ቤት ውስጥ ለምትኖር በቀቀን ይበልጥ ይስማማል። ከጫጩትነቷ ጀምሮ የሱፍ አበባ ፍሬ እየፈለፈለች ያደገች በቀቀን ሌላ ምግብ መኖሩን አታውቅም፤ ባለቤቷም የምትወደውን በማቅረቡ ደግ የሠራ ይመስለዋል። የዚህ ንግግር ርእሰ ነገር ይህችን ወፍ ከጥሬ ወደ ተመጣጠነ እንክብል መኖ የማዛወር ተግባር ነው። ነገሩ ከላይ ሲታይ የሳሕን ለውጥ ብቻ ይመስላል፤ በጥንቃቄ ካልተያዘ ግን ወፏን እስከ ሞት ሊያደርስ የሚችል ነው።

በመጀመሪያ ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ መግለጽ ተገቢ ይሆናል። የሱፍ አበባ ፍሬ ከገለፈቱ ሲወጣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። በአንጻሩ ካልስየሙ ጥቂት፣ ፎስፎረሱ ግን ከካልስየሙ እጅግ የበዛ ነው፤ ቪታሚን «ኤ»ና ቪታሚን «ዲ»ም የሉበትም ለማለት ይቻላል። ከዚህም የተነሣ ጥሬ ብቻ የምትመገብ ወፍ ሆዷ እየሞላ ሰውነቷ ይራባል። በቪታሚን «ኤ» እጦት የአፍና የመተንፈሻ አካላት ውስጣዊ ሽፋን ይደድራል፤ ከምላስ ሥር መግል የያዘ እብጠት ይወጣል፤ ሕመም አምጪ ተሕዋስያንም መግቢያ ያገኛሉ። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን በተለይ በካልስየም ማነስ ይጠቃል፤ ጤናማ ይመስል የነበረው ወፍ በድንገት ከመቀመጫው ወድቆ ይንቀጠቀጣል። የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ አረንጓዴ በቀቀኖች ደግሞ ይወፍራሉ፤ ጉበታቸው ስብ ይሞላል፤ የደም ሥሮቻቸውም ይጠብባሉ።

ብዙዎች ይህን ጉድለት በጥሬው ላይ የቪታሚን ዱቄት በመነስነስ ለማቃናት ይሞክራሉ። በቀቀን ግን ፍሬውን ፈልፍላ ገለፈቱን የምትጥል እንደ መሆኗ መጠን፣ ዱቄቱም ከገለፈቱ ጋር ወደ ወለል ይወርዳል። የእንክብል መኖ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ከሌላው ጋር አንድ ስለ ሆነ ወፏ የምትወደውን ለቅማ የሚጠቅማትን መተው አትችልም። በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ ኮካቲኤል በተባለችው ትንሽ የአውስትራልያ በቀቀን ላይ ጥናት ተካሂዶ፣ ጫጩቶቿ በሚገባ እንዲያድጉ ከመኖው ከመቶ 20 ያህሉ ፕሮቲን መሆን እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1986 ታትሞ ወጥቷል። እንዲህ ያሉት ጥናቶች ለበቀቀን ተብሎ ለሚሠራው መኖ መሠረት ሆነዋል። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ግን ምትክ ሊሆን አይችልም፤ ለቅርፊት መሥሪያ ሲባል ከመቶ ከ3 ተኩል እስከ 4 የሚደርስ ካልስየም ስላለበት፣ እንቁላል የማትጥለውን በቀቀን ኩላሊት ይጎዳል።

እንግዲህ የመኖው ብልጫ ከታወቀ ዘንድ ጥያቄው እንዴት ይለወጥ የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ተደጋግሞ የሚሰማው ምክር «ጥሬውን አንሡባት፤ ስትራብ ትበላለች» የሚል ነው። ከዚህ የበለጠ አደገኛ ምክር የለም። ወፏ እምቢ የምትለው ከግትርነት የተነሣ ሳይሆን እንክብሉን ምግብ መሆኑን ስለማታውቅ ነው። ለእርሷ በሳሕን ላይ የተቀመጠው ጠጠር ነው፤ ስለዚህም በሙሉ ሳሕን ፊት ተርባ ልትሞት ትችላለች። አንዲት ባጅሪጋር ከ30 እስከ 40 ግራም ብቻ ስትመዝን፣ ለጥቂት ቀናት የሚሆን ስንቅ በሰውነቷ የላትም።

ዓይንም በዚህ ጉዳይ ታማኝ ምስክር አይደለም። ከላይ ገለፈት የተከመረበት ሳሕን ጥሬ የሞላበት ይመስላል፤ በምንቃር ተሰባብሮ የተበተነ እንክብልም የተበላ ይመስላል። እውነቱን የሚናገረው ሚዛን ነው። ወፏ በየማለዳው ምግብ ከመቅመሷ በፊት ግራም በሚለይ ሚዛን ላይ ትመዘን፤ ክብደቷም ይመዝገብ። ከመነሻ ክብደቷ ከመቶ 10 ያህል ከቀነሰች፣ ይኸውም 450 ግራም ለምትመዝን ግራጫ በቀቀን 45 ግራም ማለት ነው፣ ለውጡ ወዲያው ቆሞ የለመደችው ምግብ ይመለስላት። ኩሷም ይታይ፤ መጠኑ ያነሰና የጠቆረ ኩስ የረኃብ ምልክት ነው።

አፈጻጸሙ እንደሚከተለው ቢሆን ይመረጣል። አስቀድሞ ወፏ ትመርመር፤ የታመመች ወይም ጫጩት የምትመግብ ከሆነች ለውጡ ይዘግይ። ከዚያም ጠዋት፣ ረኃቧ በሚበረታበት ሰዓት፣ እንክብሉ ብቻውን ይቅረብ፤ ወደ ማታ የተለካ ጥሬ ለአጭር ጊዜ ይሰጣት። የጥሬው መጠን በየሳምንቱ እየቀነሰ ሲሄድ ለውጡ ከአንድ እስከ ሁለት ወር፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እንክብሉን አድቅቆ በምትወደው እርጥብ ምግብ ላይ መነስነስ፣ በጥቂት የፍራፍሬ ጭማቂ ማራስ፣ ወይም ባለቤቱ በፊቷ የሚበላ መስሎ ማሳየት ይረዳል። በቀቀን የማኅበር እንስሳ ናትና ሌላው ሲበላ ያየችውን ለመቅመስ ትደፍራለች። የራሰው ምግብ ግን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሳይሻግት ይነሣ።

እንክብሉም ቢሆን ብቻውን ሙሉ አይደለም። ጎመን፣ ካሮትና ዱባ በየቀኑ ሊጨመሩ ይገባል፤ አቮካዶ ግን ለወፍ መርዝ ስለ ሆነ ፈጽሞ አይሰጥ። በእንክብሉ ላይ የቪታሚን ዱቄት መደረብም ሌላ ጉዳት ያስከትላል። የአበባ ማር ለሚመገቡት ሎሪ ለተባሉት በቀቀኖች ደግሞ ደረቁ እንክብል ዋና ምግብ ሊሆናቸው አይችልም።

በኢትዮጵያ ደጋ የምትኖረው ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ከጽድ ወደ ሾላ እየበረረች፣ ወቅቱ የሚሰጣትን ፍሬ እየፈለገች ትኖራለች። በሽቦ ቤት ያለችው ዘመዷ ግን ምግቧን የምትመርጠው ከአንድ ሳሕን ነው፤ ሳሕኑን የሚሞላውም ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በጆሃንስበርግ የተሰበሰቡት የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት አባል አገሮች፣ ግራጫው በቀቀን ከዱር እየተያዘ ለዓለም ገበያ እንዳይቀርብ ወስነዋል፤ ውሳኔውም በ2017 በሥራ ላይ ውሏል። ከዱር የተወሰደውን መመለስ ባይቻል እንኳ፣ በእጅ ያለው ዕድሜውን በጤና እንዲፈጽም ማድረግ ይቻላል። ግራጫ በቀቀን በሚገባ ከተያዘ ከ40 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ነው። እንዲህ ላለ ዕድሜ ሁለት ወር መታገሥ ብዙ አይደለም። ስለዚህም የወፍ ባለቤት ምክር ፈልጎ ወደ ሐኪም ሲመጣ፣ የእንክብሉ ከረጢት ከመሰጠቱ በፊት ሚዛኑ ይሰጠው።