የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ለመሐንዲስ ምን ያስተምራል?



በመቱ ከተማ ለተሰበሰብን መሐንዲሶች ስለ አንድ የሙዚቃ ሸክላ መናገሬ ከሙያችን የወጣ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። ሆኖም የንግግሬ ዓላማ ከውጭ የመጣ መሣሪያ በምን መንገድ የሀገር ሊሆን እንደሚችል ማመልከት ነው።

ሸክላው ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ አማካይነት ያወጣው ነው። ሳክስፎንን የሠራው ቤልጂጋዊው አዶልፍ ሳክስ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1846 ነበር። አካሉ ናስ ቢሆንም ድምፁን የምታስነሣው በአፉ ላይ የምትታሰር ስስ የሸምበቆ ስንጥር ናት። ነፋሹ ከንፈሩን ሲያጠብቅና ሲያላላ ድምፁ ይንሸራተታል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ይሻክራል።

እ.ኤ.አ. በ1935 በይፋት የተወለደው ጌታቸው በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግሏል። የመሣሪያውን ባሕርይ ያዋለው ለሽለላና ለፉከራ ነበር። ፎካሪ በመካከል ትንፋሹን ቆርጦ ዝም እንደሚል፣ ከዚያም ድንገት እንደሚያገሣ፣ ሳክስፎኑም እንዲሁ ያደርጋል። በመድረክ ላይም የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይጫወት ነበር። የውጭ አድማጮች ከአሜሪካኖቹ ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር ቢያመሳስሉትም፣ እርሱ ሽለላን በሳክስፎን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነውና ምንጩ ከእነርሱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጄምስ ብራውን ፈንክ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ጓዶች ዘንድ ገብቶ ነበር። የዋሊያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ቸ በለው» የተሰኘው ሸክላ ይህንን በግልጽ ያሳያል። ቤዝ ጊታሩና ድራሙ አጭር ሐረግ እየደጋገሙ መሠረቱን ይይዛሉ፤ የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎንና የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ደግሞ በላዩ የሀገርን ቅኝት ያሰማሉ። አመታቱ ከውጭ ይምጣ እንጂ ዜማው አልተለወጠም።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሶር ወንዝ ላይ ያለውን 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ እናስብ። መሐንዲስ አስቀድሞ የውኃውን መጠንና የመውደቂያውን ከፍታ ይለካል፤ ተርባይኑን የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ተርባይን ገዝቶ ወንዝ የሚፈልግ የለም። ጌታቸውም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ወንዙ ሽለላ ነበር።

ዛሬ ግን ተርባይኑን የምናስቀድምበት ጊዜ ይበዛል። በረድፍ ለተተከለ ሰፊ እርሻ የተሠራ የቡና መልቀሚያ መኪና በያዮ ደን ጥላ ሥር ለሚበቅለው ቡናችን አይሆንም። በሙዚቃውም ረገድ አደጋው ያው ነው። የመቱ፣ የጎሬና የቡሬ ወጣት በእጁ ያለው ኪቦርድ የተዘጋጀ ምት በሆዱ ይዞ የሚመጣ ነው። የአባቶቹን ጌረርሳ፣ ማለት የሽለላን የቅርብ ዘመድ፣ ካልሰማ መሣሪያው የሚለውን ብቻ ይላል። ጌረርሳ በጽሑፍ ብቻ የሚተላለፍ አይደለም፤ ትንፋሹና ድምፁ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የድምፅ መቅጃ ዛሬ በየኪሳችን አለ። ለመንገድም ሆነ ለውኃ ሥራ ወደ ገጠር ስንወጣ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን ከአዛውንቱ ጌረርሳን እንቅዳ፤ የቦታውንና የባለቤቱን ስም መዝግበን ለትምህርት ቤቶች እናስረክብ። ወጪው ጥቂት ነው፤ ብንዘገይ የሚጠፋው ግን በገንዘብ የሚተካ አይደለም።

ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ሰባውን ዓመት አልፎ፣ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን አወጣ። ከአሥር ዓመት በኋላም ዐረፈ። በዚያ ሥራ የእርሱን ዜማ ያጠኑት ሆላንዶቹ ነበሩ። የራሱን ድምፅ አጥብቆ የያዘ ሰው መሣሪያው ከመጣበት ከአውሮፓ እንኳ ተማሪ አያጣም።