ሳንቲም፣ የዝይ ቆዳና የተሸፈነው ሥዕል

የፀረ ኤድስ ክበባችሁ አባላት «ጥያቄና መልሱ ሰለቸን፣ ሌላ ነገር የለም ወይ?» ስላሉኝ ዛሬ ስለ ድሮ የጀብዱ ኮሚኮች ላወራችሁ ነው። አትሳቁ፣ ቁም ነገር አለው።

ፕሪንስ ቫሊያንት የተባለውን የሥዕል ታሪክ ሃል ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ጀመረው። በሳምንት አንድ ገጽ፣ እሑድ እሑድ ነበር የሚወጣው። ብዙ ጊዜ ገጹ የሚያልቀው ወጣቱ ቫል ጭንቅ ውስጥ ሲገባ ስለሆነ አንባቢው «አሁን ምን ይውጠዋል?» እያለ ሳምንቱን ይከርማል። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1989 ግሬግ ስታፎርድ ይህንኑ ታሪክ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት የሚና ጨዋታ አደረገው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ባለታሪክ ይይዛሉ። ተራኪው ሁኔታውን ይናገራል፣ ተጫዋቹ «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላል፤ መሳካቱን ሳንቲም ወርውረው ያዩታል። እኔን የገረመኝ ባለታሪኩ ሁለት ዋና አቅም ብቻ ያለው መሆኑ ነው፦ አንዱ ጉልበት፣ ሌላው በአንደበትና በሁኔታ ሰውን መያዝ።

ሐሳብ ከኮሚክ ስትወስዱ ሰይፉን ተዉት። ቫል አንድ ጊዜ ጠላት የሞላበት ግንብ ይገጥመዋል፤ በጉልበት አይሆንም። ከዝይ ቆዳ ጭንብል ሠርቶ ጋኔን መስሎ ያስደነብራቸዋል! እዚህ ጋ ስትደርሱ የሚቀጥለውን ሥዕል በእጃችሁ ሸፍናችሁ «አንተ ብትሆንስ?» በሉ። (የድሮ ኮሚክ ሁሉ ግን አይወሰድም። እ.ኤ.አ. በ1930 የጀመረው የቲንቲን የኮንጎ ታሪክ አፍሪካውያንን በንቀት የሚሥል ነው።)

አሁን ግንቡን ወደ ሰፈራችን አምጡት። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አለች እንበል። በዕድሜ የሚበልጣት ሰው ሞባይል ገዝቶላት፣ ቅዳሜ ከከተማ እንውጣ ይላታል። «እምቢ» ወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ሰውየው እየለመነ፣ ጓደኞቿ «አትካብጂ» እያሏት አፍ ላይ ይከብዳል እኮ! እምቢ ማለቷን ሳንቲም አይወስነውም፣ እሱ የእሷ ነው። ሳንቲሙ የሚወስነው ሰውየው ይሰማል ወይስ «ስልኬን መልሺ» ብሎ ይቆጣል የሚለውን ነው። ከተቆጣስ? ስልኩን ትመልሳለች? ለአክስቷ ትደውላለች? ተጫዋቿ እዚያው ታስብበት።

ተራኪ የምትሆኑ ደግሞ አደራ፣ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የተገኘበትን ባለታሪክ ወዲያው አትግደሉት። መድኃኒቱን በየቀኑ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ደርሶ እዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ይማራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ይልቅ ለማን እንደሚናገር፣ ምስጢሩን ማን እንደሚያወጣበት ተጫወቱት፤ ጀብዱው እዚያ ላይ ነው።

በሉ አራት አራት ሳንቲም አውጡ። ጎፈር የወጣውን ብቻ ነው የምንቆጥረው። ተራኪ የሚሆነው ማነው?