ስለ ጦር ሮኬትና ስለ ሰሊጥ እርሻ
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



መተማን ከጋላባት የሚለያቸው ትንሽ ወንዝ ነው። ከወዲህ ያለው ገበሬና ከወዲያ ያለው የገዳሪፍ ገበሬ የሚዘሩት አንድ ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት ይኸው ምድር በ2012 ዓ.ም. ሁለት አዳዲስ ተመልካቾች ከሰማይ ተላኩለት። ጥቅምት 23 ቀን የሱዳን ሰው ሠራሽ ጨረቃ፣ በ47ኛው ቀን ማለት ታኅሣሥ 10 ቀን ደግሞ የኛዋ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 በቻይና አገር ከታይዩዋን ጣቢያ ተነሡ። ሁለቱንም ያነሣቸው ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለው አንድ ዓይነት ሮኬት ነው። የዚህን ሮኬት የትውልድ ሐረግ ወደ ላይ ብንቈጥር፣ የአቶሚክ ቦምብ ከአህጉር ወደ አህጉር ለመወርወር ከተሠራው ከዶንግፌንግ-5 ሚሳይል እንደርሳለን።

ሎንግ ማርች ከጦር መሣሪያ የተወለደ ነው እንጂ አሮጌ የጦር መሣሪያ አይደለም። አሮጌው መሣሪያ ራሱ ሥራውን የለወጠበትን ታሪክ ለማግኘት ወደ ዲኒፐር መሄድ አለብን (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ሶቪየት ኅብረት አር-36ኤም የተባለ፣ ክብደቱ ከ200 ቶን የሚበልጥ፣ እስከ 10 የቦምብ ራስ የሚሸከም ሚሳይል በመሬት ውስጥ ጕድጓድ አስቀምጣ ትጠብቅ ነበር። በ1991 ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው ውል 308 የነበሩት እንዲህ ያሉ ከባድ ሚሳይሎች ወደ 154 እንዲወርዱ ተወሰነ። ቈራርጦ መጣል ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ተኵሶ መጨረስ ግን ውሉንም ይፈጽማል፣ ዋጋም ያስገኛል። ስለዚህ ከ1999 እስከ 2015 ድረስ 22 ጊዜ ተተኰሱ። የግብፅ ሳተላይት በ2007፣ ሁለት የናይጄሪያ ሳተላይቶችም በ2011 የተነሡት በዚሁ ነው።

ተማሪ ሊጠይቀን የሚችለው ጥያቄ እንዴት ተለወጠ የሚለው ነው። ሚሳይል እንደ ተወረወረ ድንጋይ ነው፤ ይወጣል፣ ተመልሶም ይወድቃል። ሳተላይት ግን በዝቅተኛው ምሕዋር ላይ ሳይወድቅ ምድርን እንዲዞር በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት ያስፈልገዋል። አህጉር አቋራጭ ሚሳይል ከዚህ ፍጥነት ብዙም የራቀ ስላልሆነ፣ የቦምቡን ራስ አውርዶ በቦታው ቀላል ጭነት ማስቀመጥና የጕዞውን ሥሌት መለወጥ አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳል። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ሦስተኛው ክፍል ነው። አሥሩን ቦምቦች እያንዳንዳቸውን ወደየከተማቸው ለመላክ የተዘጋጀው ይህ ክፍል፣ በ2014 በአንድ በረራ ከ30 የሚበልጡ ሳተላይቶችን ወደ ምሕዋር አደረሰ።

ስለ ሰይፍና ስለ ማረሻ የተነገረውን የኢሳይያስን ትንቢት የሚያስታውስ ሰው በዚህ ደስ ይለው ይሆናል። እኔ ደስ የሚለኝ በግማሽ ነው። የሚሳይሉ ነዳጅ መርዝ ነው፤ በ2006 አንዱ ሳይሳካለት በካዛክስታን ሜዳ ላይ ወድቆ መሬቱን በክሏል። ሮኬቱን የሠራው ፋብሪካ በዩክሬን፣ ሚሳይሎቹ የሚጠበቁበት ስፍራ ደግሞ በሩሲያ ስለ ነበረ፣ በ2014 ሁለቱ አገሮች ሲጣሉ ሥራው ተሰናከለ፤ የመጨረሻው በረራ በመጋቢት 2015 ሆነ። በሰላም ምክንያት የተጀመረውን ሥራ ጠብ አስቆመው።

ወደ ድንበራችን ልመለስ። በገዳሪፍ በትራክተር ማረስ የተጀመረው በ1940ዎቹ ነው፤ የአንድ እርሻ የተለመደ ስፋት 1,000 ፈዳን፣ ማለት 420 ሄክታር ነበር። የኛ ሳተላይት በፎቶግራፏ ላይ ያላት አንዲት ነጥብ በመሬት ላይ 13.7 ሜትር በ13.7 ሜትር ትሸፍን ነበር። ይህን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ብናሰላው እንዲህ ያለው እርሻ ወደ 22,000 ነጥብ ይሆናል፤ የስደተኛ ጎጆ ግን ለአንዲት ነጥብ እንኳ አይበቃም። ሰሊጡ ሲለመልምና ሲደርቅ ታየዋለች፤ ሰውየውን አታየውም።

የሱዳን መንግሥት ሳተላይቱን ሲያስነሣ ለወታደራዊ ፍላጎትም እንደሚጠቅም ተናግሮ ነበር። አንድ ዓመት ቈይቶ በ2013 ዓ.ም. በአልፋሻጋ እርሻዎች ላይ የሁለቱ አገሮች ሠራዊት ተፋጠጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር ከትግራይ የሸሸው ሕዝብ በገዳሪፍ ኡም ራኩባ ሰፈረ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን በጦርነት ስትታመስ ደግሞ ስደቱ አቅጣጫውን ለውጦ በመተማ በኩል ወደኛ ገባ። ከላይ የሚመለከት ዐይን በሁለቱም ወገን ነበረ፤ በሥሩ የሚያርሰው ገበሬ ግን የእርሻውን ሥዕል አላየም፤ ልጁም በትምህርት ቤት አላየውም።

ስለዚህ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። የላንድሳትና የሴንቲኔል-2 ፎቶግራፎች ያለ ክፍያ ለማንም ይሰጣሉ፤ የሁለተኛው ነጥብ 10 ሜትር ብቻ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶቻችን የሰኔንና የጥቅምትን ሥዕል ጎን ለጎን አትመው በጂኦግራፊ ክፍል ይስቀሉ፤ እጩ መምህሩም የመተማን ማሳ ከገዳሪፍ ማሳ ጋር አስተያይቶ ዝናቡ የት እንደ ዘገየ ራሱ ያንብብ።