ከኋላ ወንበር የተሰማው ድምፅ

(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በስብሰባችን መጨረሻ አንዳችን የምናውቀውን ለሌሎቹ የምናካፍልበት ተራ ዛሬ እኔ ጋ ደርሷል። ስለ ሂሳብ እንደማወራ ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ፤ የሂሳቡን በየወሩ ትሰሙታላችሁ፣ ይበቃችኋል። ዛሬ የማወራው ስለ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። የቋንቋ አስተማሪ አይደለሁም። የኮሌጅ ዲፕሎማዬ በሂሳብ አያያዝ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛዬም ከዴቢትና ክሬዲት ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ቃለ ጉባዔያችንን ለረጂዎቻችን ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው እኔ ነኝ፤ እዚያ ላይ አንድ ቃል አሳፍሮኝ ነበርና እሱን ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። እንደምታስታውሱት መዋጮና የብድር ክፍያ ቀን ያሳለፉ አባላትን ስም ከነመቀጫቸው ከመዝገብ ላይ ጮክ ብዬ አነብ ነበር። አንድ ቀን ሳነብ ከኋላ ወንበሮች በኩል ዝቅ ያለ ድምፅ ተሰማ። ምን እንደተባለ አልሰማሁም፤ እውነቱን ለመናገር ለመስማትም አልሞከርኩም፣ ገና ግማሽ ገጽ ስም ይቀረኝ ነበር። ጸሐፊያችን «አንዳንድ አባላት በዝቅተኛ ድምፅ ተነጋገሩ» ብላ መዘገበች። እኔ ደግሞ መዝገበ ቃላት ገልጬ «መርመር» የሚል ቃል አገኘሁ። መርመር ስላልኩ ምርመራ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ኦዲተር የምትፈሩ ተረጋጉ። የወንዝ ውኃ ሲፈስ ወይም ሰዎች ከሩቅ ሲያወሩ የሚሰማው፣ ለስለስ ያለና ቃሉ የማይለይ ድምፅ ነው ይላል። ቃሉ አማረኝና ጽፌ ላክሁት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መልስ መጣ። «አባላቱ ያጉረመረሙት በምን ጉዳይ ነው? ቅሬታቸውስ ተፈታ?» ይላል። ደነገጥኩ። እኔ መቼ ቅሬታ አልኩ? መዝገበ ቃላቱን እንደገና ገለጥኩ። ለካስ የመጀመሪያውን ትርጉም ብቻ አንብቤ ዘግቼው ኖሯል፤ ዝቅ ብሎ ሁለተኛው ቁጭ ብሏል፤ ማጉረምረም።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። ድምፁን ራሱን የሚመስል ቃል ነው፤ አንዱን ድምፅ ሁለቴ ይደግመዋል፤ እኛም ሹክሹክታ፣ ጭምጭምታ፣ ጉርምርምታ ስንል እንደምንደጋግመው። በእንግሊዝኛ የስምምነት መርመርም አለ፣ የተቃውሞ መርመርም አለ። አንድ ሰው አንድን ነገር «ያለ መርመር» ተቀበለ ከተባለ ያለ ቅሬታ ተቀበለ ማለት ነው። ሐኪም የልብ መርመር ሲል ደግሞ በማዳመጫው የሰማውን ያልተለመደ ድምፅ ነው፤ አንዳንዱ ምንም ጉዳት የለውም፣ አንዳንዱ የሕመም ምልክት ነው፣ ሳይመረመር አይታወቅም። በ1611 የታተመው ታዋቂው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዘጸአት ምዕራፍ 16 ላይ፣ እስራኤላውያን በምድረ በዳ በሙሴና በአሮን ላይ ያሰሙትን ቅሬታ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ማንጎራጎር» ይለዋል። የእኛም ቃል እንደዚያው ሁለት ፊት አለው። ሴት ቡና እየቆላች ስታንጎራጉር አንድ ነገር ነው፣ በሰው ላይ ስታንጎራጉር ሌላ ነው። ራሴ በአማርኛ የማውቀውን ነገር በእንግሊዝኛ ሳየው አላወቅሁትም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ቃላት ፈለግኋቸው። «ዊስፐር» ሹክሹክታ ነው። እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ስማችሁን ጥሩ፤ ጉሮሯችሁ ሲንቀጠቀጥ ይሰማችኋል። አሁን በሹክሹክታ ጥሩት። አይንቀጠቀጥም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው። ብዙ ቁጥር ሲሆን ጭምጭምታም ይሆናል። «ማምብል» ቃሉን አፍ ውስጥ እያላመጡ መናገር ነው፤ ማጉተምተም እንደምንለው። «ማተር» ደግሞ ተናዶ ወይም ተከፍቶ ለራስ እንደሚናገሩት ነው፤ ማልጎምጎም ይቀርበዋል። ከንፈር ገጥሞ ዜማ ማሰማት «ሀም» ይባላል፤ የንብም ድምፅ በዚሁ ቃል ይጠራል። ቅጠል ወይም ወረቀት ኮሽ ሲል ሌላ ስም አለው፤ እሱን ለልጆቻችሁ ተዉላቸው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ይህ ነው። አንዲት ሴት በስብሰባ ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ብትናገር፣ ማምብል ብዬ ብጽፍ መናገር አትችልም ማለቴ ነው። ማተር ብል ነገረኛ አደረግኋት። ዊስፐር ብል ምስጢር ይዛለች። መርመር ብል አንባቢው የመሰለውን ይወስዳል። እሷ የተናገረችው ግን ያው አንድ ነገር ነው። ቃሉን የሚመርጠው እስክሪብቶ የያዘው ሰው ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ምን እንዳለች ሳይሰማ። በአማርኛም ቢሆን እናደርገዋለን። ቄሱ ቅዳሴ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ በለሆሳስ ጸለዩ እንላለን፤ ለቃሉ ክብር አለው። ከኋላ የተቀመጠች እናት ዝቅ ስታደርግ ግን አጉተመተመች ነው የምንለው።

ለረጂዎቻችን መልስ መጻፍ ስለነበረብኝ ያን ዕለት ከኋላ የተቀመጡትን አንድ በአንድ ሄጄ ጠየቅሁ። አንዲት እናታችን፣ ስማቸውን አልጠራም፣ እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል፣ እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ ማንንም አላማሁም ልጄ። ቀስ ብለሽ አንብቢ፣ ምራቴ በር ላይ ቆማለች ነው ያልኩት።» ምራታቸው ሊወስዷቸው መጥተው ውጭ ይጠብቁ ነበር። የእሳቸው ስም ከዝርዝሩ አምስተኛ ነበር፤ ያለባቸውን ብድር ቤታቸው አያውቅም ነበር። ጮክ ብለው ያላሉት ለዚያ ነው። እኔም ስማቸውን ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ፣ ከነብሩ።

ሌላዋ እህታችን ደግሞ መዋጮ በጎደላት ወር ስብሰባ እንደማትመጣ ነገረችኝ። በመዝገቤ ላይ ሁለት ጊዜ «ያለ ፈቃድ የቀረች» ብዬ ተጨማሪ መቀጫ ጽፌባታለሁ። ሂሳቡ ልክ ነው፤ ደምሬዋለሁ፣ ስህተት የለውም። እንዲያም ሆኖ ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጉዳዩን ለሥራ አመራር ኮሚቴው አቀረብኩ። አንዳንዶቹ ስም ካልተነበበ ማንም በጊዜው አይከፍልም ብለው ተከራከሩ፤ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፣ ገንዘቡ የሁላችንም ነው። በመጨረሻ የተስማማነውን ታውቁታላችሁ። ከዚያ ወር ጀምሮ የሚነበበው ጠቅላላ ድምሩ ብቻ ነው፤ የእያንዳንዷ ሂሳብ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በቁጠባ ደብተሯ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን የመቅረት መቀጫዎችም ኮሚቴው ሰርዞልኛል።

ለረጂዎቻችን በላክሁት መልስ ላይ መርመርንም ሌሎቹንም አልተጠቀምኩም። «አንዲት አባል ስሟ ጮክ ተብሎ እንዳይነበብ ጠየቀች» ብዬ በተራ እንግሊዝኛ ጻፍኩ። ጸሐፊያችንም አሁን ከኋላ ድምፅ ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተነስታ ትሄዳለች፤ ስብሰባው በዚህ ምክንያት ሩብ ሰዓት ረዝሟል፣ ቡናውም ይቀዘቅዛል ብላችሁ የምትቆጡኝ አላችሁ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ። ከኋላ ያላችሁ እዚያው ቆዩ፣ እኔ እመጣለሁ።