የዓሣው አጥንትና የበረዶው ሒሳብ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ በዓሣ ንግድ የምንተዳደር አባላት ያቀረብነው ንግግር)



ጋምቤላ የዓሣ አገር ነች። አኝዋኮች ኦፔኖ የሚሉት ባሮ በከተማችን መካከል ያልፋል፤ ጊሎ፣ አልዌሮና አኮቦም አሉን። ናይል ፐርቹ፣ ቆሮሶው፣ አምባዛው አልጠፋም። ታዲያ ዓሣ እያለ፣ ከዓሣ በምንኖር ሴቶች እጅ ገንዘብ የማይበረክተው ለምንድን ነው? ስንነጋገርበት ሁለት ቀዳዳ አገኘን፤ አንዱ የምንጥለው፣ ሌላው ሳናስተውል የምናወጣው ነው።

ከምንጥለው እንጀምር። ቆሮሶ ተገፎ፣ ራሱና አጥንቱ ወጥቶ የሚቀረው ንጹሕ ሥጋ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ነው። ሒሳቡ እንዲቀለን ኪሎውን በ100 ብር እናስበው። 10 ኪሎ በ1,000 ብር ገዝተን ቢበዛ 3 ኪሎ ተኩል ፊሌቶ እናወጣለን። ምግብ ቤቱ ኪሎውን በ250 ብር ሲረከበን ከእጥፍ በላይ ያተረፍን ይመስለናል። የምንቀበለው ግን 875 ብር ነው፤ 125 ብር ከስረናል። የባጃጁና የበረዶው ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ፊሌቶ የምትሸጥ እህት ዋጋ ከመናገሯ በፊት የገዛችበትን በሦስት ታባዛ፤ ወጪዋንና ትርፏን ከዚያ በላይ ትጨምር።

ሁለተኛው ቀዳዳ ሙቀቱ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ፣ ጠዋት የወጣ ዓሣ ማታ ላይ ለሰው አይሰጥም። በእንዲህ ያለ አገር ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ ያህል በረዶ ያስፈልጋል። ይህን ለብቻ መግዛት ከባድ ነው። ገበያው ደግሞ የሚደራው በዚሁ በበጋ ነው፤ ወንዙ ሲጎድል ዓሣው ይሰበሰባል፣ በደጋው ደግሞ በጾም ወራት ፈላጊው ይበዛል። ክረምት ሲገባ ውሃው ሜዳውን ሲሞላ ዓሣው ይበተናል፤ ዋጋውም ይወጣል።

ማድረቅስ? እናቶቻችን ከጥንት የሚያውቁት ጥበብ ነው፤ በረዶም አይጠይቅም። ሆኖም 4 ወይም 5 ኪሎ እርጥብ ዓሣ ሲደርቅ 1 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ዋጋው በዚያው ልክ መታሰብ አለበት። መሬት ላይ የተሰጣ ዓሣ አሸዋ ይይዛል፣ ዝንብ ይወርረዋል፤ ነቀዝ ከገባበት ደግሞ ገዢ ያጣል። ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ፣ በጨው ታሽቶ የደረቀ ግን ይቆያል፤ ሩቅ መንገድም ይችላል።

አሁን ወደ ራሱ፣ አጥንቱና አንጀቱ እንመለስ። ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ባሕር ባላቸው አገሮች የሽሪምፕ ራስና ቅርፊት ከክብደቱ ግማሽ ሊጠጋ ስለሚችል፣ የት እንደሚደፋ ያጨቃጭቃል። በሐዋሳ አሞራ ገደል ትርፍራፊውን አባ ኮዳዎች ይለቅሙታል። በኬንያዋ ኪሱሙ ደግሞ ፋብሪካዎች የናይል ፐርቹን ሥጋ ወደ ውጭ ሲልኩ፣ አጽሙን ሴቶች ገዝተው፣ በዘይት ጠብሰው ይሸጡታል፤ ልጆች ያሳድጉበታል። በእኛ ዘንድ የወንዝ ዳር ቁልል ሆኖ ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል። ከታች ያለች እናት ደግሞ ከዚያው ውሃ በጀሪካን ትቀዳለች።

ከቁልሉ ውስጥ ግን ገንዘብ አለ። ራስና አጥንት ለሾርባ ይሸጣል። ሌላው ትርፍራፊ በደንብ ተቀቅሎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ በጥቂቱ ከበቆሎ ጋር ሲደባለቅ የዶሮ መኖ ይሆናል፤ ከበዛ እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል። አንጀቱ ከአመድና ከደረቅ ሣር ጋር ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ነው። በናይል ፐርች ሆድ ውስጥ ያለችውን አየር የያዘች ነጭ ከረጢትም ከአንጀት ጋር አትጣሏት፤ በኡጋንዳና በታንዛንያ ነጋዴዎች ለቻይና ገበያ በውድ ይገዟታል። እዚህ የሚጠይቅ ነጋዴ ሲመጣ ዋጋዋን ተመካክረን እንናገር እንጂ እንደ ምርቃት አንስጣት።

እንግዲህ ለስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በረዶ በየግል ሳይሆን በጋራ እንግዛ፤ እንደ እቁባችን ተራ እናውጣለት። አንድ የጋራ ቆጥ እንሥራ። ከወንዙና ከጉድጓድ ውሃ ራቅ ብሎ አንድ የትርፍራፊ ጉድጓድ እንቆፍር፤ የሚከድነው ሰው በየሳምንቱ ይታወቅ። ማንበብና መጻፍ የምትችል እህትም የተገዛውን፣ የተሸጠውንና የተጣለውን በአንድ ደብተር ትመዝግብልን።

አኝዋኳም፣ ኑዌሯም፣ መዠንገሯም፣ ከደጋ የመጣችውም በአንድ ገበያ ነው የምንቀመጠው። ለብቻችን ዋጋ ስንቆርጥ ገዢው አንዳችንን በሌላችን ያስረክሳል። ሐሳቡን ተወያዩበት፤ ያልተዋጠላችሁን ንገሩን፤ የተስማማንበትን ዛሬውኑ በቃለ ጉባኤ እናስፍር።